መልአኩ ኤልያስን አልገሠጸውም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። የላከችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ከሥሩ «ይሄ ላንቺ ነው፤ አንብቢው» ብላለች። በፍቅር እንደላከችው አውቃለሁ። አንብቤ ስጨርስ ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ከልቡ ያመነ ክርስቲያን ተስፋ አይቆርጥም፤ ከቆረጠ እምነቱን ይመርምር። ማልቀስና «ለምን?» ማለት ማጉረምረም ነው፤ እስራኤልን በምድረ በዳ ያስቀራቸውም እሱ ነው። እንደ ኢዮብ መታገሥ፣ ቅዱስ ያሬድ እንዳያት ትል ደጋግሞ መሞከር ይገባል። ጸሎትና ጸበል እያለ ለድብርት ኪኒን መዋጥ ለሁለት ጌታ መገዛት ነው። በመጨረሻም፣ የሆድን ለሰው ማውራት ትርፉ መዋረድ ስለሆነ በር ዘግቶ ለእግዚአብሔር ብቻ መንገር ይሻላል።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ክፉ አስበው ጻፉት ብዬም አላምንም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጽሑፍ አንድ ሌሊት ከአልጋው መነሣት ያቃተው ሰው እጅ ላይ ይወድቃል። ከ4 ዓመት በፊት ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ በድንገት ሞተብኝ። ሐዘኑ ከአርባው በኋላ ሐዘን መሆኑ ቀረና ሌላ ነገር ሆነ። ለአምስት ወር ያህል መብላት፣ መታጠብ፣ መጸለይ አልቻልኩም። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ለምን ነቃሁ ብዬ አዝን ነበር። ያን ጊዜ ይሄ ጽሑፍ ቢደርሰኝ ምን እሆን እንደነበር ስለማውቅ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። «ያመነ ሰው ተስፋ አይቆርጥም።»

ታዲያ ኤልያስን የት እናድርገው? በቀርሜሎስ ተራራ ላይ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ነው። አንድ ገጽ ገልጠው ቀጣዩን ምዕራፍ፣ አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን ያንብቡ። ኤልዛቤል ልትገድለው ዛተች። ሸሸ። ብላቴናውን ቤርሳቤህ ላይ ትቶ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ። ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» አለ። ከዚያ ተኛ።

መልአክ መጣ። እዚህ ጋ ቀስ ብለን እናንብብ። መልአኩ «እሳት ያወረድክ ሰው፣ እምነትህ የት ሄደ?» አላለውም። ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። በራሱ አጠገብ የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ አሁንም አልተቆጣውም። ለሁለተኛ ጊዜ ቀሰቀሰውና መንገዱ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ አለው። የእግዚአብሔር ድምፅ በኮሬብ የመጣለት ከ40 ቀንና ከ40 ሌሊት ጉዞ በኋላ ነው። ያ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ምግብ፣ ውኃ፣ እንቅልፍ፣ የሚዳስስ እጅ።

ኤልያስ ብቻም አይደለም። ኤርምያስ የተወለደባትን ቀን ረግሟል። ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ መጀመሪያ ላይ፣ በእስያ የደረሰባቸው መከራ ከአቅማቸው በላይ ከመክበዱ የተነሣ በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ መቁረጣቸውን ሳይደብቅ ጽፏል። ጳውሎስ! በዘመናችንም ማዘር ቴሬዛ አሉ። ስድስት ኪሎ አካባቢ የእህቶቻቸውን ቤት የምናውቅ ብዙ ነን። ካረፉ ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተሙት ደብዳቤዎቻቸው እግዚአብሔር ርቋቸው፣ ውስጣቸው ጨልሞ 50 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እንደኖሩ ያሳያሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከመንገድ ላይ የሚያነሷቸውን ሕሙማን አልተዉም። እኚህን ሴት «እምነትዎን ይመርምሩ» ብሎ የሚልክ ማነው?

የራሴን የንስሐ አባት ላንሣ። በሦስተኛው ወር ሊጠይቁኝ መጡ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኝቼ ነበር። «አባቴ፣ መጸለይ አቃተኝ፤ ምንም የማምን አይመስለኝም» አልኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ትንሽ ዝም አሉና እንዲህ አሉኝ፦ «ያን ሽባ ሰው ታስታውሻለሽ? አራት ሰዎች ተሸክመው፣ ጣራ ቀድደው ያወረዱትን? ወንጌሉ ጌታ እምነታቸውን አይቶ ነው የሚለው። የተሸካሚዎቹን ጭምር ነው ያየው። አሁን አልጋው ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ። አልጋውን የምንይዘው እኛ ነን። እስክትችይ ድረስ እኔ እጸልይልሻለሁ።»

የማርቆስን ወንጌል ምዕራፍ 2 ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። «እምነታቸውን» የሚለውን ቃል ግን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ ለቅሶና ስለ «ለምን» ነው። ጸሐፊው የእስራኤልን ማጉረምረም ያነሣሉ። ማጉረምረማቸው እውነት ነው። ግን ልዩነቱን ልብ ይበሉ። ማጉረምረም ስለ እግዚአብሔር ከጀርባ መናገር ነው። ሙሾ ደግሞ ለራሱ ለእግዚአብሔር ፊት ለፊት መንገር ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው ይሄን በየቀኑ ያደርገዋል። በእኛ ቍጥር 87ኛው መዝሙር (በሌላው አቈጣጠር 88ኛው) «አቤቱ» ብሎ በጩኸት ይጀምራል። ነፍሴ መከራን ጠገበች ይላል። ለምን ፊትህን ከእኔ ትመልሳለህ ይላል። ወዳጅና ባልንጀራ ርቆት ያልቃል። ብዙዎቹ የሐዘን መዝሙራት መጨረሻቸው ላይ ወደ ምሥጋና ይዞራሉ፤ ይሄኛው አይዞርም። እንዲያም ሆኖ አባቶቻችን ከመዝሙረ ዳዊት ቆርጠው አላወጡትም። ለሺህ ዓመታት ሲደገም ኖሯል።

ጌታችንም በመስቀል ላይ ከዚሁ መጽሐፍ ነው የጮኸው። «አምላኬ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?» የ21ኛው መዝሙር መነሻ ነው። በአልዓዛር መቃብርም ፊት አለቀሰ። ጥቂት ቆይቶ እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። ትንሣኤን የሚያውቅ ሰው አያለቅስም የሚል ካለ፣ ትንሣኤን ከእሱ በላይ ማን ያውቃል?

ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ ለሐዘን በዓመቱ ውስጥ ቦታ ሰጥታዋለች። ሰሙነ ሕማማትን አስቡት። በዚያ ሳምንት በሰላምታ አንሳሳምም፤ መስቀል አንሳለምም። ይሁዳ ጌታን በመሳም ነውና አሳልፎ የሰጠው። ለሙታን ፍትሐት ስለማይደረግ በሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በዚያ ሳምንት ለምንሞተው ሁሉ አስቀድሞ ጸሎተ ፍትሐት ይደርሳል። ዓርብ ከጠዋት እስከ ማታ ስንሰግድ፣ ኪርያላይሶን ስንል እንውላለን። ልብሱ ጥቁር፣ ዜማው የሐዘን ነው። ይሄን ሁሉ እየሠራች የኖረች ቤተ ክርስቲያን ልጇን «አታልቅሺ» አትልም።

ኢዮብን በተመለከተ ረጅም አልሄድም። «እንደ ኢዮብ ታገሡ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች አንብበው የሚያቆሙ ይመስለኛል። ከምዕራፍ 3 ጀምሮ ኢዮብ ይጮኻል፣ ይከራከራል፣ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም አደረጉ። አፋቸውን ከፍተው «አንድ ጥፋት ብትሠራ ነው እንጂ» ማለት ሲጀምሩ ነው የተበላሸው። መጽሐፉ ሲያልቅ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? በመካሪዎቹ ላይ ነው።

የያሬድ ትል ግን የልጅነቴ ታሪክ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ልጁ ትምህርት አልገባ ብሎት፣ ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ቅጣት ሸሽቶ ወጣ። ማይ ኪራሕ ሲደርስ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ትሏ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉ ላይ ስትወጣ አየ። ጸሐፊው ከዚህ ያወጡት «ደጋግመህ ሞክር» የሚለውን ብቻ ነው። እኔ ሌላም ነገር አያለሁ። ያሬድ ትሏን ያያት ደክሞት፣ አልቅሶ፣ ተቀምጦ ሳለ ነው። ማንም እየነዳው አልነበረም። ሲመለስ ደግሞ የሚቀበለው በር ነበረው። አባ ጌዴዎን ይቅርታውን ተቀብለው እንደገና ባያስተምሩት ኖሮ ትሏ ብቻዋን ያሬድን ማኅሌታይ አታደርገውም ነበር። ተስፋ የቆረጠ ሰው የሚያስፈልገው ሞክር የሚለው ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን ሲመለስ የሚከፈትለት ቤት ነው።

አሁን በጣም ወዳስጨነቀኝ ልምጣ። መድኃኒቱ።

«ጸሎትና ጸበል እያለ ኪኒን መዋጥ ለሁለት ጌታ መገዛት ነው።» ይሄን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጽሐፈ ሲራክ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ብሎ ይጀምራል። መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰውም አይንቀውም ይላል። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ባለ መድኃኒት ነበር፤ ጳውሎስ «የተወደደው» ብሎ ነው የሚጠራው። ለጢሞቴዎስም ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ የመከረው ይኸው ጳውሎስ ነው። «ጸልይ እንጂ» ብሎ አላለፈውም።

ይሄ ጥያቄ በአገራችን ከዚህ በፊትም መጥቶ ብዙ ሰው ጎድቷል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር እንጦጦ ማርያም ጸበል የሚጠመቁ ብዙ ሕሙማን መድኃኒቱን መውሰድ የእምነት ማነስ መስሏቸው ነበር። ያን ጊዜ ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ፣ እንደማይጣሉ በአደባባይ ተናገሩ። እንግዲህ ለደም የሠራ ቃል ለአእምሮ የማይሠራበት ምክንያት ምንድን ነው? ጭንቅላትም አካል ነው። ሲደክም ይታመማል።

እኔ ሁለቱንም ይዣለሁ። ጸበል ተጠምቄአለሁ። ሐኪምም አይቶኛል። ድባቴ ነው አለኝ። ኪኒኑ እንደ ራስ ምታት መድኃኒት ወዲያው አይሠራም፤ ሳምንታት ይፈጃል። በዚያ መሃል «ምንም አልለወጠኝም» ብሎ መተው ይመጣል። ከጀመሩ በኋላም ሐኪም ሳያማክሩ በድንገት ማቆም ሰውነትን ያናውጣል፣ ሕመሙንም ይመልሳል። አሁን አስቡት። ሦስተኛ ሳምንቱ ላይ ያለ፣ ገና ለውጥ ያላየ አንድ ልጅ ይሄን ጽሑፍ ያነባል። ኪኒኑን ወደ ሽንት ቤት ይጥለዋል። ለእግዚአብሔር ታማኝ የሆነ እየመሰለው ይጥለዋል።

በነገራችን ላይ፣ ለረጅም ዘመን በአገራችን ብቸኛ የነበረው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስሙ አማኑኤል ነው። እኛ ስሙን ስድብ አድርገነዋል። «አማኑኤል ይግባ» እንባባላለን። የስሙ ትርጉም ግን «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ ስሙን እንደ ስድብ ሰምቼ ማለፍ አልችልም።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ለሰው አትናገር የሚለው፣ ላይ ላዩን ሲያዩት መንፈሳዊ ይመስላል። «ሆድ ይፍጀው» የምንል ሕዝብ ስለሆንን በቀላሉ ይገባናል። ሐሜት እንዳለም አውቃለሁ። የተናገርኩት ተመልሶ በሌላ ሰው አፍ የደረሰኝ ጊዜ አለ። ስለዚህ ለሁሉም ይነገር አልልም። ግን ክርስቶስ ራሱ በጌቴሴማኒ ምን አደረገ? ሦስቱን ይዞ ሄደ። «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች፤ በዚህ ቆዩ፣ ከእኔም ጋር ትጉ» አላቸው። እንቅልፍ አሸነፋቸው እንጂ እሱስ ጠይቋል። የአብ ልጅ ለዓሣ አጥማጆች «አብራችሁኝ ቆዩ» ካለ፣ እኔ ማን ሆኜ ነው በሬን የምዘጋው?

ጳውሎስም ወደ መቄዶንያ መጥቶ በውጭ ጠብ፣ በውስጥ ፍርሃት እንደነበረበት ይናገርና እንዲህ ይላል፦ ኀዘንተኞችን የሚያጽናና አምላክ በቲቶ መምጣት አጽናናን። በራእይ አላለም። በአንድ ወዳጅ መምጣት ነው የሚለው።

የእኔ ቲቶ ጎረቤቴ ነበሩ። በዕድሜ ከእናቴ ይበልጣሉ፤ እማማ ነው የምላቸው። ድንኳኑ ከሠልስቱ በኋላ ተነቀለ፤ ከአርባው በኋላ ሰዉ ወደየሥራው ተመለሰ። እሳቸው ግን በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጀበናቸውን ይዘው ይመጣሉ። መስኮቴን ይከፍታሉ። ከሰሉን በረንዳ ላይ ያቀጣጥላሉ። አቦሉን ቀድተው ከራስጌዬ ያስቀምጡታል። አልጠጣም። ሲቀዘቅዝ ይደፉትና ቶናውን ይቀዱልኛል። እሱንም አልጠጣም። አንድም ቀን «ለምን አትጠጪም?» ብለውኝ አያውቁም። በረካውን ራሳቸው ጠጥተው «ነገ እመጣለሁ» ይሉና ይሄዳሉ። በማግስቱም ይመጣሉ።

አንድ ቅዳሜ ውኃ አሞቁ። ጸጉሬ ሳይታጠብ ከመክረሙ የተነሣ ተያይዞ ነበር። ደግፈው አስነሥተው ወንበር ላይ አስቀመጡኝና ራሴን አጠቡኝ። ጣታቸው ሸካራ ነው። ውኃው ጆሮዬ ውስጥ እንዳይገባ በሌላው መዳፋቸው ይከልላሉ። ልክ እንደ ሕፃን። ወንድሜ ከተቀበረ ወዲህ እንባ ደርቆብኝ ነበር፤ ያን ቀን ፈሰሰ። እሳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም፤ ዝም ብለው እያጠቡ አብረውኝ አለቀሱ። ከዚያ አቦሉን ጠጣሁ። ሐኪም ጋ የወሰዱኝም እሳቸው ናቸው፤ በሳምንቱ፣ በታክሲ፣ እጄን ይዘው።

ጸሐፊው አንድ ቦታ ላይ ትክክል ናቸው፤ እሱንም መናገር አለብኝ። ተስፋችን ትንሣኤ ነው ብለዋል። አዎ። እኔም ወንድሜን የምጠብቀው በዚያው ነው። ሆኖም ከዓርብ ወደ እሑድ ዘልለው ነው የጻፉት። መሃል ላይ ቀዳም ሥዑር አለ። ጌታ በመቃብር ያለበት፣ በነፍሱ ወደ ሲኦል የወረደበት ቀን። የእምነታችን ትልቁ ማጽናኛ ለእኔ እሱ ነው፤ ወደማልወጣበት ጉድጓድ ቀድሞኝ መውረዱ። በዚያ ቅዳሜ ገና ጾም ላይ እያለን፣ ትንሣኤው ገና ሳይነጋ፣ ካህናቱ ቃጭል እየመቱ በየቤቱ ቄጠማ ያድላሉ። «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ። ለኖኅ ርግቧ ይዛለት የመጣችው ቅጠል ምሳሌ ነው ይሉናል። ኖኅ ቅጠሉን ሲቀበል ከመርከቡ አልወጣም፤ ምድሩም ገና አልደረቀም። እኔም በዚያ ዓመት ቄጠማውን ግንባሬ ላይ ያሰርኩት ሳልድን ነው። ደስ አላለኝም። ግን አሰርኩት።

ይሄን የምታነቡ፣ ዛሬ ሌሊት ለመኖር የከበዳችሁ ካላችሁ፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16ን ላስታውሳችሁ። በፊልጵስዩስ ወኅኒ ምድር ተናውጣ በሮቹ ተከፈቱ። ጠባቂው እስረኞቹ ያመለጡ መሰለው፤ ራሱን ሊገድል ሰይፉን መዘዘ። ጳውሎስ ከጨለማው ውስጥ በታላቅ ድምፅ ጮኸ፦ በራስህ ላይ ክፉ አታድርግ፤ ሁላችን እዚህ አለን። መጀመሪያ ስለ ኃጢአት አላስተማረውም። አለን ነው ያለው። እባካችሁ አሁኑኑ ለአንድ ሰው ንገሩ። ለእናት፣ ለጎረቤት፣ ለንስሐ አባት፣ ለሐኪም። ብቻችሁን አትደሩ። አጠገባችሁ እንዲህ ያለ ሰው ያለ የሚመስላችሁ ደግሞ «ራስሽን ስለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ባለሙያዎች የሚሉን ይሄንን ነው። እኔን እማማ ጠይቀውኛል። «አዎ» ብያቸዋለሁ። ያን ሌሊት ሶፋዬ ላይ አደሩ።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ስለ ኢዮብም ስለ ያሬድም ያልኩት ይቆይ፤ በእሱ ሌላ ጊዜ እንወያያለን፣ እኔም የምማረው ሊኖር ይችላል። ስለ ኪኒኑ የጻፉትን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያንሡት። የላኩላቸውንም ሰዎች መልሰው ይድረሷቸው። የአክስቴን ልጅ እኔ ደውዬላታለሁ።